በሁዳዴ የበላሁት እንቁላል

በጾም የምታወቅ ሴት ነኝ። ካምፓላ፣ ኪዋቱሌ ሰፈር ያለችው ምግብ ቤቴ ስምንት ጠረጴዛ ብቻ ነው ያላት፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን ሰው በር ላይ ቆሞ ተራ ይጠብቅባታል። ሽሮዬና ሱፍ ፍትፍቴ በካምፓላ ሐበሻ ዘንድ ስም አላቸው። እኔ ራሴም ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ሁዳዴ አፍርሼ አላውቅም ነበር። ወባ ይዞኝ እየተንቀጠቀጥኩ እንኳ ጾሜአለሁ። ይህን ስል ጨዋ ሴት መስዬ ከታየኋችሁ ግን ቸኩላችኋል። በዚያው ዘመን ሰካራምም ነበርኩ።

ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ የሚል ካለ፣ በጣም ይሄዳሉ። አረቄ ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፣ ወተት የለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ በአፌ አይዞርም። ዘጠኝ ሲሆን ከየድስቱ በማንኪያ ጫፍ እቀምስና በላሁ እላለሁ። ከዚያ ዋራጊ የሚሉትን የአገሩን አረቄ በሻይ ብርጭቆ ቀድቼ ከማድ ቤቱ ኋላ፣ ከሰሉ የሚቀመጥበት ጥግ እቆማለሁ። ሰዓቱ ሳይሞላ ጠብታ ቀምሼ አላውቅም፤ በዚህ እኮራ ነበር! ወደው አይስቁ አሉ። ጾሙ ሲፈታ መጠጡ ይቀጥላል፣ ምግቡ ግን አይመለስም። እንዲህ እያልኩ ስድስት ሰባት ዓመት ገፋሁ።

እግሬ መጀመሪያ ያቃጥለኝ ጀመር። ብርድ ልብሱን ከእግሬ ላይ ገፍቼ እተኛለሁ፤ አንሶላው ሲነካኝ እንደ ሳማ ይለበልበኛል። ቀጥሎ መርፌ መርፌ አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ሁሉም ነገር ጸጥ አለና ጥጥ ላይ የምራመድ ይመስለኝ ጀመር። ተሻለኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ የማልረባ! አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ባለቤቴ ወደ ታች አየና «በአንድ ጫማ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለኝ። እውነትም አንደኛው ነጠላ ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ መቆሙ ነው፣ የሲሚንቶው ብርድ ነው፣ ዕድሜ ነው አልኩት። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይሄ ነው።

ባለቤቴ ኦልድ ካምፓላ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል። ስለ መጠጤ አንድ ሰሞን ተጣላኝ፣ አንድ ሰሞን ለመነኝ፣ በመጨረሻ ዝም አለ። ዝም ሲል ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ነገሩ የፈነዳው በቅበላ ሰሞን ነው። ሰው ሁሉ ጾሙ ሳይገባ ሥጋ ልብላ ብሎ ምግብ ቤቱን አጨናንቆታል፤ እኔ በትልቁ ሲጊሪ፣ በከሰል ምድጃው ላይ፣ ጥብስ አማስላለሁ። አጠገቤ ወጥ ቤቷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ኢትዮጵያን አይታ የማታውቅ ኡጋንዳዊት ናት፤ አምስት ዓመት አብራኝ ሠርታ የእኔን ሽሮ ከእኔ አሻሽላ ትሠራለች። ድንገት ቢላዋዋን አስቀመጠችና አሸተተች።

«ኛቦ፣ የሚቃጠል ነገር አለ» አለችኝ። ኛቦ እመቤት እንደ ማለት ነው።

«ጥብሱ ነዋ» አልኳት።

«ጥብሱ አይደለም» ብላ ወደ እግሬ አየችና ጮኸች።

ፍም ወድቆ ነጠላ ጫማዬን አቅልጦታል። ላስቲኩ ከሁለቱ ትንንሽ ጣቶቼ ሥር ከሥጋዬ ጋር ተጣብቋል። እኔ እዚያው ላይ ቆሜ ማማሰያዬን አዞራለሁ! ገፍትራ ወንበር ላይ ጣለችኝና ውኃ ደፋችብኝ፤ «ባምቢ፣ ባምቢ» እያለች አለቀሰች። ምስኪን ማለቷ ነው። እኔ አላለቀስኩም፤ የሚያስለቅስ ምንም ነገር አልተሰማኝም። እግሬን እያየሁ የሌላ ሰው እግር የማይ መሰለኝ፤ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ቦዳ የሚሉትን ሞተር ሳይክል ታክሲ ጠራች፤ ከነጂው ኋላ እኔን አስቀምጣ፣ ከእኔ ኋላ እሷ ተጭና እንዳልወድቅ በሁለት እጇ ይዛኝ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ዶክተሯ ፈጣን ሴት ናት፤ ነገር አታስረዝምም። እግሬን በጥጥ ነካካች፣ በመዶሻ መታ መታ አደረገች፣ ከዚያ ምን ያህል እንደምጠጣ ጠየቀችኝ።

«ለበዓል ብቻ» አልኳት።

ወጥ ቤቷ በሩ ጋ ቆማ ነበር። «በየቀኑ ነው፣ ዶክተር» አለች። «ጠርሙሶቹን የምጥለው እኔ ነኝ።»

በዚያች ደቂቃ ከሥራ አባርሬያት ነበር፣ በልቤ። ዛሬ ይህን ስጽፍ እሷ እዚያ ማድ ቤት ውስጥ እየዘፈነች ነው፤ ዕድሜ ይስጣት። እሷ ባትናገር ኖሮ እኔ ቅባት ተቀብቼ እመለስ ነበር።

«መጠጡ ነርቭሽን መርዞታል» አለች ዶክተሯ። «ባዶ ሆድሽ ደግሞ ነርቩ የሚኖርበትን ቪታሚን ነስቶታል። የተመታሽው በሁለት በኩል ነው። መጠጡ ዛሬ ይቆማል፤ ግን ብቻሽን አታቆሚውም፣ በድንገት ሲቆም ሊጥልሽ ይችላልና እዚህ ትተኛለሽ።» አንድ ሳምንት ተኛሁ። ላበኝ፣ ተንቀጠቀጥኩ፣ የሌለ ሰው ጠራሁ፤ መድኃኒት ሰጡኝ፣ ቪታሚኑን በመርፌ ወጉኝ። ሁዳዴ የገባው እዚያው አልጋ ላይ እያለሁ ነው። ጠዋት ወተትና እንቁላል ሲያመጡልኝ ጾመኛ ነኝ ብዬ መለስኩ። ነርሷ ግራ ገብቷት ሄደች።

ሳምንቱ ሲያልቅ ዶክተሯ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚያገግመው፤ አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም። አሁን የሚያሳስበኝ ቁስሉ ነው። ካልበላሽ አይድንም። ካልዳነ ሁለቱ ጣቶች ይቆረጣሉ፤ ከዚያ በላይም ሊሄድ ይችላል። እንቁላል ለምን መለስሽ?»

ስለ ሁዳዴ አስረዳኋት፣ ሃምሳ አምስት ቀን እንደሆነ ሁሉ፣ በኩራት።

«እሺ፣ ምስርና ባቄላ አለ አይደለም?»

«አለ።»

«ስንት ማንኪያ ትበያለሽ?»

«ሁለት፣ ሦስት» አልኳት። «አየሽ» አለች፣ «ሆድሽ ሳህን ሙሉ ባቄላ አይችልም። እንቁላል ግን ትንሽ ነው፣ ብዙ ይሠራል። ሂጂና ቄስሽን ጠይቂ።»

ለመጠየቅ ደስ አለኝ። የንስሐ አባቴ አይሆንም እንደሚሉ እርግጠኛ ነበርኩ፤ የእሳቸውን አይሆንም ይዤ ሐኪሟን አፏን ላስይዛት ነው። መራመድ ስላቃተኝ እሳቸው ራሳቸው ቤቴ መጡ። አሮጌ ጥቁር ጃንጥላቸውን ከበሩ ጋ አስደግፈው፣ እግሬን አይተው፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ፍሙ ነገርኳቸው፣ ስለ ጣቶቹ ነገርኳቸው፣ ስለ እንቁላሉም ነገርኳቸው።

«ሌላስ፣ ልጄ?» አሉ።

«ሌላ የለም፣ አባ።»

«ሌላስ?»

«ይኸው ነው።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉ። «ሌላስ?»

ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ የሻይ ብርጭቆውን፣ የከሰሉን ጥግ፣ ዘጠኝ ሰዓትን። ፊታቸውን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። የሚሰጡኝን ቀኖና ጠበቅሁ። ስግደት ይሆናል፣ ዳዊት መድገም ይሆናል፣ ሌላ ጾም ይጨምሩብኛል አልኩ።

«ስግደት ብሰጥሽ ትወድቂያለሽ» አሉ። «ቀኖናሽ በቀን ሁለት እንቁላል ነው፤ እስከ ፋሲካ።»

«በሁዳዴ፣ አባ?»

«በሁዳዴ። የታመመ እንደማይጾም አንቺም አታጪውም። ደግሞ ተደብቀሽ እንዳትበዪ። ተደብቀሽ የምታደርጊው ነገር በዝቷል። ምግብ ቤትሽ ውስጥ፣ ሰው ባለበት ብዪው።»

ጃንጥላቸውን አንሥተው ሄዱ። እኔ ተናድጄ ቀረሁ። መጠጡን ሲወስዱብኝ ታመምኩ፤ ጾሙን ሲወስዱብኝ ግን ተቆጣሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ ስለ ራሴ ንጹሕ ነው ብዬ የማስበው ነገር ጾሜ ብቻ ነበር። እሱን ካጣሁ የምቀረው ሰካራም ብቻ ነኝ። ደግሞ በሰው ፊት! ያውም ከቤተ ክርስቲያን የሚመጡት ሴቶች በያይነት በሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ!

ስለዚህ አጭበረበርኩ። ወጥ ቤቷ በየጠዋቱ መንገድ ዳር ካለው የሮሌክስ ጠባሽ እንቁላል ትገዛለች፤ ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣና እንቁላሉን አንድ ላይ የሚጠቀልለው ሰውዬ ነው። የጾም ድስቶቼን እንዳታነካካ ደጅ ላይ ለብቻ በቆርቆሮ ትቀቅልልኛለች። እኔ አመስግኜ እቀበልና የሽርጥ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፤ በኋላ በጓሮ በኩል ለሰፈሩ ውሻ እሰጣለሁ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቀኖናዬን የፈጸመልኝ ያ ውሻ ነው። ጠጉሩ ማብረቅረቅ ጀመረ።

በአሥረኛው ቀን ዶክተሯ ፋሻውን ስትፈታ ሽታው ለእኔም ደረሰኝ። ምንም አልተቆጣችም፤ ያ ይብሳል። «አንድ ሳምንት እሰጥሻለሁ» አለች። «እንዲህ ከሆነ ሁለቱን ጣቶች አነሣቸዋለሁ። የማዝንልሽ ለጣቶቹ እንዳይመስልሽ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ነው የሚያሳዝነኝ።»

ባለቤቴ አብሮኝ ነበር። ስንመለስ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ ዋንዴገያ ላይ መንገዱ በመኪና ተዘጋ፤ ተማሪዎች በመኪኖቹ መሃል እየተሹለኮለኩ ያልፋሉ። ሞተሩን አጠፋና ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«እንቁላሉን ማን ነው የሚበላው?»

መዋሸት ደከመኝ። «ውሻው» አልኩት።

ሳቀ። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ሳቀ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። እኔም መሳቅ ጀመርኩ። ቆይቶ ግን ሳቅ አለመሆኑ ገባኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ከኋላችን ያለው ሁሉ ጥሩምባ ሲነፋ ቀና ብሎ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ። «እኔ የምፈልገው አንቺን ነው፣ ከነእግርሽ። ሰው የሚለውን ይበል። እባክሽ።»

እባክሽ ያለኝ ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ እባክሽ ሲለኝ መጠጡን አስመልክቶ ነበር፤ ያኔ አልሰማሁትም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ረጅሙ ጠረጴዛ ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከማኅበራችን አምስት ሴቶች በያይነት አዝዘው ተሰብስበዋል። የታሰረውን እግሬን በርጩማ ላይ ሰቀልኩት። ወጥ ቤቷ ሁለቱን እንቁላል በነጭ ሳህን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና አልሄደችም፤ እጇን አጣምራ ቆመች። የውሻውን ነገር ባለቤቴ ነግሯታል።

ከሴቶቹ ትልቋ፣ ማኅበሩን የምትመራው፣ ምላሷ የሚፈራ ሴትዮ ናት፣ ሳህኑን አየችና «ምነው እታለም፣ ቀን ተሳሳተብሽ?» አለችኝ።

«አልተሳሳተብኝም» አልኩ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ወጣልኝ። «ጠጪ ነበርኩ። እዚህ ከጓሮ፣ እናንተ ስትበሉ እኔ እጠጣ ነበር። መጠጡ የእግሬን ነርቭ ገደለው። ካልበላሁ እግሬ ሊቆረጥ ነው። አባ ናቸው ብዪ ያሉኝ።»

የሚያዩኝን ላለማየት እንቁላሉን ልልጥ ጀመርኩ። የጣቶቼ ጫፍም ያኔ ደንዝዞ ነበር፤ ቅርፊቱ እየተንሸራተተ አልያዝ አለኝ። አንዱ አመለጠኝና በጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ሴትዮዋ ፊት ሄዶ ቆመ። እጇ ሽሮ ነክቶ ነበር፤ በሶፍት ጠረገችው፣ ጣት በጣት፣ ቀስ ብላ። እንቁላሉን አነሣች። በሁዳዴ፣ በጾም እጇ፣ ቅርፊቱን አንድም ሳታስቀር ላጠችው፤ ለሁለት ከፍላ ጨው ነሰነሰችበትና ሳህኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ብዪ» አለችኝ። «ሳይቀዘቅዝ።»

በላሁ። ጣዕሙ አስቀያሚ ነበር፤ ከእንባዬ ጋር ነው ያወረድኩት። እሷ ሁለተኛውን እየላጠች ስለ በርበሬ መወደድ ለሌሎቹ ታወራ ነበር። ለዚያ ወሬዋ ዛሬም አመሰግናታለሁ፤ ሁሉም ወደ እሷ ዞረው እኔን ማየት ተዉ።

ሁሉም እንደ እሷ አልነበረም። ሰካራሟ ቤት አንበላም ብለው የቀሩ አሉ፤ ጾም ያፈረሰች ሴት የምትሠራው የጾም ምግብ ምኑ ነው ያሉም እንዳሉ ሰምቻለሁ። አንጀቴ ነድዷል፣ አልዋሽም፤ አንዱን ደውዬ ልሳደብ ስልኬን አንሥቼ ነበር። ባለቤቴ ነጠቀኝ። ሴትዮዋ ግን ሁዳዴ እስኪያልቅ በሳምንት ሦስት ቀን መጥታ እየላጠችልኝ ሄደች። ስለ መጠጡ አንድም ቃል አንሥታ አታውቅም።

በሳምንቱ ዶክተሯ ቁስሉን ከፍታ ብዙ አየችው። ዳር ዳሩ ቀላ ብሏል፤ ይህ ጥሩ ነው አለች። ቀጠሮውን በሳምንት ገፋችው፣ ደግሞ ገፋችው። በየጊዜው የሞተውን ሥጋ እየጠረገች፣ ቪታሚኔን እየቆጠረች፣ ምን በላሽ እያለች ወጥ ቤቷን ትጠይቃለች፤ እኔን አትጠይቀኝም። ልክ ናት። የፋሲካ ማግስት ሄድኩ፤ ፋሻው ሲፈታ አዲስ ቆዳ ለብሷል፣ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት የሳሳ። «ጣቶችሽን ይዘሽ ሂጂ» አለችኝ። እጇን ስሜ አላውቅ፣ በዚያ ቀን ሳምኳት።

መደንዘዙ ግን ከቁስሉ ጋር አልሄደም። ነርቭ አይቸኩልም። ባለቤቴ ማታ ማታ፣ ውስጥ እግሬን በስልኩ መብራት ይመረምራል፤ ተቆርጬ እንደሆን፣ ጠጠር ገብቶብኝ እንደሆን፤ እኔ ራሴ አላውቀውማ። ማድ ቤት ያለ ሽፍን ጫማ አልገባም። ከግድግዳ ጋ ቆሜ ሚዛን እለማመዳለሁ፣ አንድ እግር፣ ሌላ እግር፣ ወጥ ቤቷ እየሳቀችብኝ። ከወራት በኋላ ማቃጠሉ ሲመለስ ደነገጥኩ፤ ዶክተሯ አንዳንዴ ነርቩ ሲነቃ እንዲህ ያደርጋል አለችኝና እያመመኝ ደስ አለኝ። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች እስከ ዛሬ አልነቁም። መጠጡንም አልረሳሁትም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጄ ብርጭቆ ይፈልጋል፤ አብሮኝ ያለ ሰው ካለ አወራለሁ፣ ከሌለ ለባለቤቴ እደውላለሁ። ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ፊት መታጠብ ነበር። ጤነኛ ሰው ይህን አያስበውም። እግር ወለሉን ካልነገረህ ቀጥ አድርጎ የሚያቆምህ ዓይን ነው፤ ዓይንህን የጨፈንክ እንደሆን ትወድቃለህ። ሳሙና ፊቴ ላይ ባደረግኩ ቁጥር ወደ ጎን እሄድ ነበር። ሁለት ጊዜ ግንባሬን ከመታጠቢያው ጠርዝ ጋር አጋጭቻለሁ። ስለዚህ ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት፣ ሱቁ ከመሄዱ በፊት፣ ከኋላዬ ይቆማል፤ መዳፉን ጀርባዬ ላይ ያሳርፋል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እታጠባለሁ። ቶሎ በይ ይለኛል፣ ሱቅ ይጠብቀኛል ይለኛል፤ እኔም አትግፋኝ እለዋለሁ። ከዓመት በላይ እንዲህ ታጠብኩ። አንድም ቀን አርፍዶ አልቀረብኝም።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ባዶ እግሬን ነኝ። ሳሙናውን ፊቴ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደ ልማዴ እነጫነጭበታለሁ። «ዛሬ ደግሞ እጅህ አይሰማኝም» አልኩት። «በደንብ ያዘኝ እንጂ፣ ልውደቅልህ?»

መልሱ ከኋላዬ አልመጣም። ከመኝታ ቤት መጣ።

«ካልሲዬን እየፈለግኩ ነው! ምን አልሽ?»

ዓይኔን አልገለጥኩም። ሳሙናው እየወረደ አገጬ ጋ ደረሰ። ከውስጥ እግሬ ሥር ያለው ወለል ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው ተረከዜ ላይ አለ፣ አውራ ጣቴም ላይ አለ።

«ምንም» አልኩት። «ተመስገን ነው ያልኩት።»